ዝም ያለው ቫልቭ

አዲስ አበባ ውስጥ ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና በሚወስደው መንገድ አካባቢ ወዳሉ ጋራዦች አሮጌ መኪና ይዞ የሚመጣ ሰው አቤቱታው ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «ሞተሩ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ድምፁን አጥፋልኝ።» ድምፁን ማጥፋት ቀላል ነው። የቫልቭ ማስተካከያውን ብሎን ትንሽ ጠበቅ ማድረግ ይበቃል። መኪናው ጸጥ ብሎ ይወጣል፣ ባለቤቱም መርቆ ይሄዳል። ከወራት በኋላ ያው መኪና ጉልበት አንሶት፣ ቤንዚን እየጠጣ ይመለስና ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ይወርዳል።

ከድሮዎቹ ኮሮላ ዲኤክሶች ፎር ኬ የሚባለውን 1,290 ሲሲ ሞተር የያዘውን እንውሰድ። ካምሻፍቱ ያለው ከታች፣ ብሎኩ ውስጥ ነው። ሲዞር ዘንግ ወደ ላይ ይገፋል፤ ዘንጉ ሮከሩን ያነሳል፤ የሮከሩ ሌላ ጫፍ ቫልቩን ተጭኖ ይከፍተዋል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ሲዞር እያንዳንዱ ቫልቭ በሴኮንድ 25 ጊዜ ይከፈታል። ብረት ሲግል ስለሚረዝም በሮከሩና በቫልቩ ጫፍ መካከል ክፍተት ይተዋል። ለፎር ኬ፣ ሞተሩ ሞቆ ሲለካ፣ በማስገቢያው ቫልቭ 0.20፣ በማስወጫው 0.30 ሚሊሜትር ነው። ቮልስ ግን ሞተሯ ፈጽሞ ቀዝቅዞ ነው የምትለካው፤ ለሁለቱም ቫልቮች 0.15። አዋቂ ሜካኒክ ቮልስ እየነዳ ለመጣ ሽማግሌ «ጋሼ፣ ዛሬ እዚህ ትደር» የሚለው ወዶ አይደለም።

ማስወጫው ቫልቭ ኑሮው በጋለ ጋዝ መሃል ነው። ሙቀቱን በአብዛኛው የሚያራግፈው በተዘጋባት ቅጽበት፣ መቀመጫው ላይ ሲያርፍ ነው። ክፍተት ካጣ እስከ መጨረሻው አይዘጋም፤ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ በስንጥቁ የሚሾልከው እሳትም ጠርዙን እየበላ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ሲሆን ድምፅ የለም። እኔ ብጠየቅ ትንሽ ቀጭ የሚል አሮጌ ሞተር ጭራሽ ዝም ካለው ይልቅ አምነዋለሁ።

ድምፅ ያለውን ቫልቭ ለማግኘት ረጅም ካቻቢቴ ይበቃል፤ ጫፉ የቫልቮቹ ክዳን ላይ፣ እጀታው ጆሮ ላይ። ካምሻፍት የሚዞረው በክራንክሻፍት ግማሽ ፍጥነት ስለሆነ የቫልቭ ቀጭታ ከሞተሩ ዙር ዘግየት ይላል። ከታች የሚመጣ ከባድ ድብደባ ሌላ በሽታ ነው። አሳሳቹ የጭስ ማውጫው ጓርኒሲዮን ነው፤ ሲያፈስ ልክ እንደ ቫልቭ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ መጋጠሚያው ላይ የሚተወው ጥላሸት ግን ያጋልጠዋል።

ዝም ያለውን ለመያዝ ሞተሩን በሚኒሞ አስነስቶ የማርሚታው ጫፍ ላይ ወረቀት ማንጠልጠል ነው። ጤነኛ ሞተር ወረቀቱን ወደ ውጭ እየገፋ ይቆያል፤ ቫልቩ የተቃጠለበት ግን አልፎ አልፎ ወደ ውስጥ ይስበዋል። ቀጥሎ ካንዴላዎቹ ይፈቱና ኮምፕሬሽን ይለካል። እዚህ ላይ የከተማችን ከፍታ ይገባበታል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ 12 ባር ካለ እዚህ 9 ገደማ ማግኘት ጤና ነው፤ ይህን ያላወቀ ደህናውን ሞተር ያስፈታል። መታየት ያለበት በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። አንዱ ብቻ ከወረደ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት ነው፤ ቁጥሩ ከወጣ ጥፋቱ የፒስተን ፋሻ ነው፣ ካልተነቃነቀ ግን የቫልቭ ነው።

ቮልስ የራሷ ጣጣ አላት። እስከ 1970 እ.ኤ.አ. በተሠሩት ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው የአየር ማራገቢያው ሳጥን ውስጥ ቆሞ ወደ 3ኛው ሲሊንደር የሚሄደውን ንፋስ ይጋርዳል፣ ሲሊንደሩም ይግላል፤ ፋብሪካው ቦታውን የቀየረው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ የ3ኛው ማስወጫ ቫልቭ ክፍተት በየልኬቱ ጠብቦ ከተገኘ አስተካክሎ ማለፍ አደጋ ነው። የቫልቩ ግንድ እየተሳበ ሊሆን ይችላል፤ ጭንቅላቱ ተቆርጦ ፒስተኑ ላይ ከወደቀ ሞተሩ አለቀ።

ለአሮጌ ሞተር ይህን ያህል የሚደከመው ምትኩ ስለራቀ ነው። የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በቆዩ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖችን ማስገባት ተከለከለ።

ማስተካከሉ ራሱ ትዕግሥት እንጂ ጉልበት አይጠይቅም። ዳዶው ይላላል፣ የክፍተት መለኪያው ፊለር ጌጅ ያዝ እያደረገ እስኪያልፍ ብሎኑ ይዞራል፣ ዳዶው ይጠብቃል፤ ከዚያ እንደገና ይለካል፣ ዳዶው ሲጠብቅ ብሎኑን ይዞት ይዞራልና። የሮከሩ አፍ ተበልቶ ጎድጎድ ካለ ፊለር ጌጁ በጉድጓዱ ላይ ተጋድሞ ያልፋል፤ 0.30 ያለው በተግባር 0.40 ይሆናል። እንዲህ ያለው ሮከር ይሞረዳል ወይም ይቀየራል።

ቫልቩ ከተቃጠለ ቴስታታው ወርዶ ቶርኖ ቤት ይሄዳል። መቀመጫው ከተስተካከለ በኋላ አዲሱ ቫልቭ ጠርዙ በማፋጫ ቅባት ተቀብቶ፣ በእንጨት እየተያዘ በሁለት መዳፍ መካከል እንደ እንዝርት ይሾራል፤ ዙሪያውን እኩል የሆነ ግራጫ ቀለበት ሲወጣ ይበቃዋል። ቅባቱ በደንብ ይታጠባል፤ ቫልቮቹ ከነሞላቸው ከተገጠሙ በኋላ በማስገቢያና በማስወጫ ቀዳዳዎቹ ቤንዚን ይፈስስና ጥቂት ደቂቃ ይቆያል። የቫልቩ ዙሪያ ከረጠበ ማፋጨቱ ይደገማል። ደረቅ ከሆነ ቴስታታው በአዲስ ጓርኒሲዮን ይታሰራል፤ 1,000 ኪሎሜትር ያህል ከተነዳ በኋላም ክፍተቶቹ እንደገና ይለካሉ።