የመጠጥ ቤት ደንበኞች በአማርኛ ልብ ወለድ፦ ከውቤ በረሃ እስከ ቦረና

የደጋ ከተማ ጠላ ቤት ሰሌዳ አያስጽፍም። በእንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ ይበቃዋል። ጣሳውን ያየ ጎንበስ ብሎ ይገባል፣ መደብ ላይ ይቀመጣል፣ እስኪቀዳለት ወሬ ይጀምራል። ለደራሲ ከዚህ የተሻለ መድረክ የለም፤ ቤቱ ያው ነው፣ ደንበኞቹም ያው ናቸው፣ የሚለወጠው ወሬው ብቻ ነው። ዛሬ ባለታሪክ የሆነው ነገ ጥግ ይዞ አድማጭ ይሆናል። እያንዳንዳቸው ለብቻቸው የሚነበቡ፣ ነገር ግን በአንድ ቤት ወይም በአንድ ከተማ የተሳሰሩ አጫጭር ታሪኮች ከዚህ ዓይነቱ መድረክ ይወለዳሉ።

ሌላው ዓለም ዘውጉን አሳምሮ ያውቀዋል። አሜሪካዊው ሸርውድ አንደርሰን በ1919 እ.ኤ.አ. «ዋይንስበርግ፣ ኦሃዮ» በተባለው መጽሐፉ አንዲት ትንሽ ከተማን የታሪኮቹ ማሰሪያ አደረጋት። ናይፖል በ1959 እ.ኤ.አ. «ሚጌል ስትሪት» ውስጥ በአንድ የትሪኒዳድ መንገድ ነዋሪዎች እንዲሁ አደረገ። ለእኛ የሚቀርበን ግን የኮንጎው አላን ማባንኩ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. በወጣው «ቬር ካሴ» የቡና ቤቱ ባለቤት ለአንድ የከረመ ደንበኛው ደብተር ሰጥቶ የጠጪዎቹን ታሪክ እንዲጽፍ ያዘዋል። የቡና ቤቱ ስም «ዱቤ ተጉዟል» እንደማለት ነው፤ «ዱቤ ዛሬ የለም» የሚል ጽሑፍ ግድግዳ ላይ እያነበበ ለጠጣ አበሻ ቀልዱን ማብራራት አያስፈልግም።

በአማርኛ አጭር ልብ ወለድ በመጽሐፍ መልክ መልኩን የያዘው በታደሰ ሊበን እጅ ነው፤ በ1949 በወጣው «መስከረም» እና በ1952 በተከተለው «ሌላው መንገድ»። መጠጥ ቤቱን ከነሌሊቱ ወደ አማርኛ ያስገባው ግን ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ነው። «ሌቱም አይነጋልኝ» በመጠጥ ቤቶቹ ይታወቅ የነበረው የአዲስ አበባ ሰፈር፣ የውቤ በረሃ መጽሐፍ ነው። የንጉሡ ዘመን አዲስ አበባ፣ ከቤት ቤት የሚዞሩ ጎረምሶች፣ የሚቀበሏቸው ሴቶች፣ እስኪነጋ የማያልቅ ጨዋታ። የጽሑፉ ቅጂ ለዓመታት ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ኖሮ ለኅትመት የበቃው ከደርግ ውድቀት በኋላ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ወደ ፈረንሳይኛ መልሶት «የአዲስ አበባ ሌሊቶች» በሚል ስም ታተመ። ልብ ወለድ ይባል እንጂ አሠራሩ የደንበኞች ሰንሰለት ነው። ብዙ አንባቢ በግልጽ ቋንቋው ላይ ሲከራከር ይህን አሠራር ሳያይ አልፎታል። ሴቶቹ በስብሐት ገጾች ላይ ስለ ራሳቸው ይናገራሉ፣ ይቀልዳሉ፣ ይመርራሉ፤ የጠጪ መዝናኛ ብቻ ሆነው አይቀሩም። በእኔ ሚዛን የመጽሐፉ ትልቁ ድፍረት ይኸው ነው። በዓሉ ግርማ በ«ደራሲው» ውስጥ ሲራክን የቀረጸው ስብሐትን መነሻ አድርጎ መሆኑ የታወቀ ነው፤ የሌሎችን ታሪክ የሰበሰበው ደንበኛ በተራው የሌላ ደራሲ ታሪክ ሆነ።

መስፍን ሀብተ ማርያም መንገዱ ሌላ ነው። «የቡና ቤት ሥዕሎችና ሌሎችም ወጎች» ብሎ ሲያሳትም ለርእስ የመረጠው የቡና ቤት ግድግዳን ነው። ወግ ሴራ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ዓይንና ጆሮ ነው፤ ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰው የሚጽፈው ነው። ወግን ከአጭር ልብ ወለድ ዝቅ አድርጎ ማየት ልማድ ሆኖብናል፤ ስለ መጠጥ ቤት ሲሆን ግን ከልብ ወለዱ የሚያንስበት ምክንያት አይታየኝም።

ታሪክን ከታሪክ ማያያዝን ራሱን ጥበብ ያደረገው አዳም ረታ ነው። «ሕጽናዊነት» ብሎ የሰየመው አካሄዱ በእንጀራ ይመሰላል፤ ዓይኖቹ ለየብቻ ናቸው፣ እንጀራው ግን አንድ ነው። «እቴሜቴ የሎሚ ሽታ»ን ያነበበ፣ አንዱ ታሪክ ላይ በጨረፍታ ያለፈ ነገር ሌላው ላይ ጎልቶ ሲመጣ ያውቀዋል። የደንበኞች መጽሐፍ ለመጻፍ ለሚያስብ ከዚህ የተሻለ የአገር ውስጥ መማሪያ የለም። በስደት በኩል ዲናው መንግሥቱ በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጣው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ ሦስት አፍሪካውያን ወዳጆችን ዋሽንግተን ውስጥ በአንድ ትንሽ ሱቅ ይሰበስባቸዋል፤ እየጠጡ የአፍሪካን መፈንቅለ መንግሥቶችና አምባገነኖች በስምና በዓመት ይጠያየቃሉ። ቤቱ ሱቅ ይሁን እንጂ ደንበኝነቱ ያው ነው።

ከእነዚህ ሥራዎች አብዛኞቹ የትልቅ ከተማ ናቸው። ትንሽ ከተማን በብዙ ድምፅ በመጻፍ ቀዳሚ የሆነው የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» (1962) የሰሜን ሸዋን ደብረ ሲና ይዞ ነው የተነሣው፤ በእሱ ፈለግ የሄደው ጥቂት ነው። የደቡብ ወሎው ቦረና (ከኦሮሚያው ቦረና አይምታታ) ዋና ከተማ መካነ ሰላም ለዚህ ሥራ የተመቸች ናት። ከደሴ በአቀስታ በኩል የሚመጣው መንገድ ያገኛታል፤ ከዚያ ወዲያ አገሩ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል፣ ማዶው ጎጃም ነው። የገበያ ቀን ገበሬው፣ ነጋዴው፣ ሹፌሩ፣ መምህሩ ይገናኛሉ።

ነገር ግን የውቤ በረሃን አሠራር እንዳለ እዚህ አምጥቶ መትከል አይቻልም። በ1999ኙ ቆጠራ ከደቡብ ወሎ ሕዝብ 70 በመቶ ያህሉ ሙስሊም ነው። ጠላ ቤቱን ብቻ የጻፈ የአገሩን እኩሌታ እንኳ አልጻፈም። እዚህ አገር ሰው የሚሰበሰብበት ሌላም ቤት አለ፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪጠጣ ጎረቤት የሚቀመጥበት የጀበና ቡና፣ ለታመመውም ለጠፋው ዝናብም ዱዓ የሚደረግበት ወዳጃ። ሁለቱ ቤቶች የሚጋሯቸው ሰዎች፣ የሚጋሩት ዝምድናና ለቅሶ አለ። የወሎ የደንበኞች መጽሐፍ ውሉ ያለው በሁለቱ መካከል ነው፤ ወደ ጠላ ቤቱ የማይገባው ሰው በእያንዳንዱ ታሪክ ውስጥ መነሣቱ አይቀርምና።

ሌላው ውል ጠማቂዋ ናት። ጋኑን አጥባ በወይራ ታጥናለች፤ በጌሾና በብቅል ትጠነስሳለች፣ ትደፈድፋለች፣ ትሞላለች፤ ሁሉም ቀን አለው። ጠጪው ይመጣል፣ ይሄዳል። በሁሉም ታሪክ የምትገኝ እሷ ናት፤ የማን ዱቤ እንዳደረ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ ማን ከሐዘኑ እንዳልወጣ ታውቃለች። ብዙዎቹ የመጠጥ ቤት ታሪኮቻችን ከብርጭቆው ወዲህ ሆነው የተጻፉ ናቸው፤ ከጋኑ ወዲያ ሆኖ የሚጻፈው ገና ብዙ ቦታ አለው።

አዝማሪውም አይዘለል። አምባሰልና ባቲ ከአራቱ የአገራችን ቅኝቶች ሁለቱ ሲሆኑ ስማቸውን ያገኙት ከወሎ ቦታዎች ነው። ደንበኛው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው በማሲንቆ ተቀብሎ ያዜመዋል፤ የተነካው ሰው እዚያው ተቀምጦ ከሆነ በሌላ ግጥም ይመልሳል። አንዱ ታሪክ ለሌላው መልስ የሚሆንበት መጽሐፍ አሠራሩን ከዚህ መዋስ ይችላል።

መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መካነ ሰላም ውስጥ ካምፓስ አለው። የአማርኛ መምህራኑ ለተማሪዎቻቸው አንድ የቤት ሥራ ቢሰጡ ደስ ይለኛል፦ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ደንበኛ ይምረጥ፣ ከጠላ ቤትም ከቡናም፣ ስሙን ለውጦ አምስት ገጽ ይጻፍ። ሠላሳ ተማሪ ቢጽፍ፣ ጥሩ አርታዒ ከመካከሉ አሥር ታሪክ አያጣም። ለአንድ መጽሐፍ ይበቃል።