የላም ጡት ሲያብጥ፦ እሬትና እርድ የሚረዱት እስከ ምን ድረስ ነው?

በሐርጌሳ ማሕሙድ ሃይቤም ሆነ በሌላ ሰፈር አንድ ሁለት ላም ይዞ ወተት ለሚሸጥ ቤተሰብ የጡት በሽታ ፈጥኖ ኪስ የሚጎዳ በሽታ ነው። መድኃኒት ቤት ከመሄዱ በፊት እሬት የሚቀባም ብዙ ነው። ቅባቱ ይጠቅማል፤ ግን ልኩን ማወቅ ያስፈልጋል።

በሽታውን በአብዛኛው የሚያመጡት ባክቴሪያዎች ናቸው። የሚገቡትም ከእበት፣ ከቆሸሸ እጅና ለብዙ ላሞች ከሚያገለግል ጨርቅ ተነሥተው በጡቱ ጫፍ ቀዳዳ በኩል ነው። የታመመው ጡት ያብጣል፣ ይግላል፣ ሲነካ ያማል፤ ወተቱም ይቋጠራል ወይም ይቀጥናል። ምልክት ሳያሳይ ወተት ብቻ የሚቀንስም ዓይነት አለ።

የሕንድ ብሔራዊ የወተት ልማት ቦርድ ለገበሬዎች የሚያስተምረው ቅባት በዚህ አካባቢም በሚገኙ ነገሮች ይሠራል። 250 ግራም የእሬት ቅጠል፣ 50 ግራም የእርድ ዱቄትና 15 ግራም ኖራ አብሮ ይፈጫል። የታመመው ጡት ጨርሶ ከታለበ በኋላ በንጹሕ ውኃ ይታጠባል። ከዚያ አንድ እፍኝ ቅባት በ150 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ውኃ ቀጥኖ ጡቱ በሙሉ ይቀባል። ይህ በቀን 10 ጊዜ፣ ለ5 ቀን ይደገማል። ከላይ የተጠቀሰው ለስላሳው እሬት (አሎ ቬራ) ነው፤ ሶማሌዎች ደዓር የሚሉት የዱር እሬት ግን ብዙ ዝርያ ስላለው መጀመሪያ ትንሽ ቦታ ላይ ቀብቶ ማየት ይገባል። ኖራውም ከተባለው እንዳይበልጥ፤ ቆዳ ያቃጥላል።

እሬት የተቆጣ ቆዳን ያለዝባል፤ እርድም እብጠትን የሚቀንስ ንጥረ ነገር አለው። ባክቴሪያው ግን የሚራባው ውስጥ፣ ወተት በሚሠራበት ሥጋ ውስጥ ነው። ላይ የተቀባ ነገር እዚያ የሚደርሰው በጥቂቱ ነው። ስለዚህ ቅባቱ ቀላል እብጠትንና የቆሰለ የጡት ጫፍን ይረዳል፤ የጠናውን በሽታ ግን ብቻውን አያድንም።

ላሟ ካተኮሳት፣ መኖ ከተወች፣ ጡቷ ከጠቆረ ወይም ከቀዘቀዘ፣ ወይም ወተቱ ደምና መግል ካለበት ውሎ ሳያድር የእንስሳት ሐኪም ይጠራ። ሐኪሙ አንቲባዮቲክ ካዘዘ መድኃኒቱ ላይ የተጻፈው ቀን እስኪያልፍ ወተቱ አይሸጥም፣ አይጠጣም። የተቋጠረ ወተትም ለሰው አይሰጥ።

ከሁሉ የሚበልጠው መከላከሉ ነው። ከማለባችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። መጀመሪያ የሚወርደውን ጥቂት ወተት ጥቁር ዕቃ ላይ አልባችሁ እዩ። የታመመችውን ላም መጨረሻ እለቡ። ከታለበች በኋላ የጡቷ ቀዳዳ እስኪዘጋ ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ስለሚፈጅ፣ ወዲያው እንዳትተኛ መኖ አቅርቡላት። እሬቱን ቀቡ፤ ንጽሕናውንና ሐኪሙን ግን በእሬት አትተኩ።