የካፋን ደን ሕይወት ለሕፃናት ማስተዋወቅ

የካፋ ደን በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በካፋ ዞን፣ በቦንጋ ከተማ ዙሪያ የሚገኝ እርጥበታማ ደን ነው። የዓረቢካ ቡና ሰው ሳይተክለው በራሱ ከሚበቅልባቸው ጥቂት የዓለም ቦታዎች አንዱ ነው። አካባቢው በ2002 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2010) በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። በደኑ ውስጥ ዕፅዋትና እንስሳት እርስ በርስ ተደጋግፈው ይኖራሉ። ለሕፃናት መጀመሪያ የሚገለጸውም ይህ መደጋገፍ ነው።

የደኑ ፎቆች

ደኑን ለሕፃናት እንደ ፎቅ ቤት አድርጎ ማስረዳት ይቻላል። ላይኛውን ፎቅ የሚይዙት እንደ ቀረሮ ያሉ ረጃጅም ዛፎች ናቸው። ፀሐይን ተቀብለው ለታችኞቹ ጥላ ይሰጣሉ። በመካከል እንደ ብሳናና ሰሳ ያሉ ዛፎች ይገኛሉ። ከእነሱ ሥር ጥላ የሚወደው ቡና አለ፤ በካፊኖኖ ቋንቋ ስሙ «ቡኖ» ነው። ከቡናው ዝቅ ብሎ ኮረሪማ ይበቅላል። መሬቱ ላይ ደግሞ ምስጥ፣ ትላትልና እንጉዳይ የረገፈውን ቅጠል አፈር ያደርጉታል። ሥሮችም ከዚያ አፈር ይመገባሉ።

የደኑ ነዋሪዎች

ጉሬዛ ጥቁርና ነጭ ጦጣ ሲሆን በአብዛኛው ቅጠል ይበላል። የእጁ አውራ ጣት የለም ለማለት በሚያስችል ደረጃ ትንሽ ነው። ሕፃናት አውራ ጣታቸውን አጥፈው በአራት ጣት ቅርንጫፍ ቢይዙ ጉሬዛ እንዴት እንደሚንጠላጠል ይረዳሉ። ሶረን የተባለችው ወፍ ፍሬ በልታ ዘሩን ሌላ ቦታ ትጥላለች፤ ይህም ዛፍ እንደ መትከል ነው። ጌተም ብዙ ጊዜ በሌላ ዛፍ ላይ በቅሎ ያድጋል። ንቦች ከአበባው ነጭ ማር ይሠራሉ።

አቀራረብ

ሕፃናት ብዙ ስም ከማጥናታቸው በፊት አንድ ዛፍ መርጠው ከሥሩ እስከ ጫፉ ቢመለከቱ ይሻላል። ማን እንደሚኖርበት፣ ማን ከምን እንደሚበላ ይጠየቃሉ። ከዚያም በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የሚያውቁትን ስም ይናገራሉ፤ ያዩትን ይሥላሉ። የማያውቁትን ፍሬና እንጉዳይ እንዳይቀምሱ፣ ወደ ቀፎም እንዳይጠጉ አዋቂ ሰው አብሯቸው መሆን አለበት።

ትላልቆቹ ዛፎች ቢቆረጡ

የመጨረሻው ጥያቄ «ይህ ዛፍ ቢቆረጥ ማን ይጎዳል?» የሚል ነው። ጥላው ሲጠፋ አፈሩ ይደርቃል፣ ንቦች አበባ ያጣሉ፣ ጉሬዛም መኖሪያ ያጣል። የቡናው ጉዳት ግን ከካፋ ያልፋል። በሌሎች አገሮች የሚመረተው የዓረቢካ ቡና በአብዛኛው ከጥቂት ተክሎች የተራባ በመሆኑ ዝርያው እርስ በርሱ ተመሳሳይ ነው፤ አዲስ በሽታ ቢነሳ በቀላሉ ሊጠቃ ይችላል። በሽታን ወይም ድርቅን የሚቋቋም ዝርያ ሲፈለግ የሚታየው የዱር ቡና ነው። እሱ አንዴ ከጠፋ እንደገና ማግኘት አይቻልም።