ባለ 50 ዋቱ ሰሌዳ በእርግጥ ስንት ይሰጣል?

የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰባቸው የገጠር ቀበሌዎቻችን በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የተዘረጋ የፀሐይ ሰሌዳ ማየት ዛሬ እንግዳ ነገር አይደለም። ሰሌዳው ቀን ባትሪውን ይሞላል፤ ባትሪው ደግሞ ማታ አምፖል ያበራል፣ ቴሌቪዥን ይከፍታል። ይሁን እንጂ አንድ ቅሬታ ደጋግሞ ይሰማል፦ መሣሪያው በመጀመሪያዎቹ ወራት ደኅና ሠርቶ፣ ኋላ ላይ ገና ከምሽቱ 2 ሰዓት ሳይሆን መጥፋት ይጀምራል። ገዢው ሻጩን ይወቅሳል፤ ሻጩ ደመናውን ይወቅሳል። ነገሩን ሊፈርድ የሚችለው መለኪያ ግን በሁለቱም እጅ የለም።

በዚህ ጽሑፍ ከትንንሽ የታዳሽ ኃይል ምንጮች የሚገኘው ኤሌክትሪክ እንዴት እንደሚለካና ልኬቱ ምን እንደሚነግረን እንመለከታለን። በምሳሌነት የምንወስደው ባለ 50 ዋት ሰሌዳ፣ 12 ቮልትና 40 አምፔር-ሰዓት የሆነ የእርሳስ-አሲድ ባትሪ፣ እንዲሁም በመካከላቸው ያለ ተራ የቻርጅ መቆጣጠሪያ ነው።

በሰሌዳው ጀርባ የተጻፈው

በሰሌዳው ጀርባ 18 ቮልት፣ 2.78 አምፔር፣ 50 ዋት የሚል ጽሑፍ እናገኛለን እንበል። ቮልቱ በአምፔሩ ሲባዛ 50 ዋት ይሰጣል፤ ስለዚህ ጽሑፉ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ይህ ቁጥር የተገኘው በቤተ ሙከራ ነው፦ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 1000 ዋት ብርሃን ሲያርፍና የሰሌዳው ሙቀት 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን።

ሰሌዳው ከባትሪ ጋር በተራ መቆጣጠሪያ ሲገናኝ ቮልቴጁን የሚወስነው ባትሪው ነው። በመሞላት ላይ ያለ ባትሪ 13 ቮልት ያህል ስለሚሆን፣ ሰሌዳውም ወደዚያው ይወርዳል። 13 በ2.78 ሲባዛ 36 ዋት ይሆናል። እንግዲህ ማንም ሳያታልል፣ ደመናም ሳይኖር፣ 14 ዋት ቀርቷል ማለት ነው። አምራቾች 18 ቮልት የሚያደርጉትም በምክንያት ነው፤ ሰሌዳ በፀሐይ ሲግል ቮልቴጁ ስለሚቀንስ፣ በሐሩር ጊዜም ከባትሪው በላይ ሆኖ እንዲቆይ ነው። ትርፉን ቮልቴጅ ወደ ተጨማሪ አምፔር የሚለውጡ መቆጣጠሪያዎች አሉ፤ ዋጋቸው ግን ከተራዎቹ ይበልጣል።

ዋትና ዋት-ሰዓት

ዋት ከቧንቧ የሚወርደው ውኃ ፍጥነት ቢሆን፣ ዋት-ሰዓት በጀሪካኑ ውስጥ የተጠራቀመው ውኃ ነው። ማታ የምንጠቀመው ከጀሪካኑ ነው። በሀገራችን አብዛኛው ክፍል የአንድ ጥሩ ቀን ፀሐይ ሲጠቃለል ከ5 ሰዓት ሙሉ ብርሃን ጋር ሊነጻጸር ይችላል። ስለዚህ ሰሌዳችን በቀን 36 በ5፣ ማለትም 180 ዋት-ሰዓት ይሰጣል። ባትሪው ከተቀበለው 80 በመቶ ያህሉን ቢመልስ፣ ለምሽቱ 144 ዋት-ሰዓት ይቀርልናል።

ወጪውንስ? 3 አምፖሎች እያንዳንዳቸው 5 ዋት ሆነው 5 ሰዓት ሲበሩ 75 ዋት-ሰዓት ይወስዳሉ፤ 30 ዋት የሆነ ቴሌቪዥን ለ3 ሰዓት 90 ይወስዳል። ድምሩ 165 ነው። በየቀኑ 21 ዋት-ሰዓት ይጎድላል። በጽሑፉ ተማምኖ 50ን በ5 ያባዛ ባለቤት ግን 250 ዋት-ሰዓት አለኝ ብሎ ያስባል።

የባትሪው ሙሉ ይዘት 480 ዋት-ሰዓት ነው። በ10 ቀን የሚከማቸው ጉድለት 210 ስለሚሆን ወደ ግማሽ ይጠጋል፤ የየሌሊቱ ወጪ ደግሞ በዚህ ላይ ይጨመራል። የእርሳስ-አሲድ ባትሪ ሳይሞላ ሲሰነብት በውስጡ ባሉት የእርሳስ ዝርግ ሳህኖች ላይ የሰልፌት ክሪስታል ይጠነክራል፤ ይዘቱም ላይመለስ ይቀንሳል። የቅሬታው ምንጭ ይኸው ነው።

ልኬቱ እንዴት ይከናወናል?

ቮልት ስንለካ የመልቲሜትሩን ሁለት ጫፎች በባትሪው ሁለት ጫፎች ላይ እናሳርፋለን። ለጥቂት ሰዓታት ያረፈ ባትሪ 12.7 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ያህል፣ 11.9 ከሆነ ሊያልቅ የተቃረበ ነው።

አምፔር ሲለካ ግን ሽቦው ተቋርጦ መለኪያው በመካከል ይገባል። በአምፔር ላይ የተዘጋጀ መለኪያ በባትሪ ሁለት ጫፎች ላይ ፈጽሞ መዋል የለበትም። ባትሪ ሾርት ሲሆን በመቶ የሚቆጠር አምፔር ሊለቅ ስለሚችል መሣሪያውን ያቃጥላል፣ ሰውንም ይጎዳል።

በከተማ ቤቶች የምናውቀው ባለ ተሽከርካሪ ዲስክ ቆጣሪ እዚህ አያገለግልም። ዲስኩን የሚያዞረው የተለዋዋጭ ጅረት መግነጢስ ስለሆነ፣ የሰሌዳው ቀጥታ ጅረት አያንቀሳቅሰውም። በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ቀጥታ ጅረት ይሸጥ የነበረው ቶማስ ኤዲሰን በደንበኞቹ ቤት በፈሳሽ ውስጥ የተነከሩ የዚንክ ሳህኖችን ያስቀምጥ ነበር፤ ሳህኖቹ በየጊዜው እየተመዘኑ ሂሳቡ በክብደታቸው ለውጥ ይሰላ ነበር። የዛሬዎቹ የቀጥታ ጅረት ቆጣሪዎች ሙግደቱ እጅግ አነስተኛ በሆነ ብረት ውስጥ ጅረቱን ያሳልፋሉ፤ 50 አምፔር ሲያልፍ በብረቱ ላይ 75 ሚሊቮልት ብቻ የሚታይባቸው አሉ። ከዚህ አምፔሩን አውቀው፣ በቮልቱ እያባዙ፣ ውጤቱን ያለማቋረጥ ይደምራሉ።

እንዲህ ያለ ቆጣሪ ባይገኝም አንድ ተራ መልቲሜትርና ደብተር ይበቃሉ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት፣ በየሰዓቱ ቮልቱንና አምፔሩን መዝግበን እናባዛለን። ልዩነቱ አንድ ሰዓት ስለሆነ፣ የውጤቶቹ ድምር የቀኑን ዋት-ሰዓት በግምት ይሰጠናል። በግራፍ ብንነድፈው ከመስመሩ በታች ያለው ስፋት ኃይሉ ነው፤ በካልኩለስ ክፍል ኢንተግራል የምንለውም ይህንኑ ነው።

ይኸው ዘዴ ለትንሽ ጅረት ውኃም ይሠራል። በሰከንድ 10 ሊትር ውኃ ከ10 ሜትር ከፍታ ሲወርድ በስሌት 981 ዋት አለው፤ በቱቦ፣ በተርባይንና በጄኔሬተር ከባከነው ተርፎ ቤት የሚደርሰውን ግን ልኬት ብቻ ይናገራል።

ወደ ምሳሌያችን ስንመለስ መፍትሔው ቀላል ነው። ቴሌቪዥኑ በምሽት አንድ ሰዓት ቀድሞ ቢዘጋ ወጪው ወደ 135 ዋት-ሰዓት ይወርዳል፤ የ21 ጉድለትም ወደ 9 ትርፍ ይለወጣል። ክረምት ሲገባ ፀሐዩ ስለሚቀንስ ሂሳቡ እንደገና መሠራት አለበት። በአካባቢያቸው ሰሌዳ ያለው ጎረቤት ወይም ጤና ኬላ የሚያውቁ አንባቢያን፣ በዕረፍት ጊዜያቸው የአንድ ቀን ልኬት ወስደው ውጤቱን ለባለቤቱ እንዲያስረዱ እንጋብዛለን።