ክረምት ቤት ሲገባ

አዲስ አበባ ላይ ሐምሌ ሲገባ ጠዋት ፀሐይ ብልጭ ብትል እንኳ ማንም አያምናትም። ልብስ ያሰጣች እናት ዓይኗን ከእንጦጦ ሰማይ አትነቅልም። ደመናው ሲጠቁር ጎረቤት ለጎረቤት ይጠራራል፤ ልብሱ ተሰብስቦ ሳያልቅ ዶፉ ይወርዳል።

በጋውን ከምድር ወገብ በስተደቡብ የከረመው የዝናብ ቀበቶ ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ተሻግሮ የሚገኘው በዚህ ወቅት ነው። ከአትላንቲክና ከሕንድ ውቅያኖስ፣ ከኮንጎ ተፋሰስም የሚነፍሰው እርጥብ አየር ከኢትዮጵያ ተራሮች ጋር ሲገጥም ሽቅብ ይወጣል፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝም ይዘንባል። ቦረናና ኦጋዴን ግን ዝናባቸውን የሚያገኙት በሌላ ወቅት በመሆኑ ደገኛው በጭቃ ሲቸገር እነሱ ደረቅ ናቸው።

በአዲስ አበባ በዓመት ከሚዘንበው 1,100 እስከ 1,200 ሚሊ ሜትር ውስጥ ግማሽ ያህሉ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነውና፣ 40 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ የለበሰች ቤት በሁለቱ ወራት ብቻ ከ20,000 ሊትር በላይ ትቀበላለች፤ ባለ 200 ሊትር በርሜል ቢሆን ከመቶ በርሜል በላይ መሆኑ ነው።

ይህ ሁሉ ውሃ የሚፈልገው አንዲት ቀዳዳ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው ቆርቆሮው ራሱ ሳይሆን የምስማሩ ዙሪያ ነው፤ ከምስማሩ ራስ ሥር ያለው ላስቲክ በበጋ ፀሐይ ደርቆ ይሰነጠቃል። በሚያፈስ ቤት የሚኖሩ ሰዎች የጠብታውን ቦታ በቃላቸው ያውቁታል፤ አልጋው ወደ ግድግዳ ይጠጋል፣ ሳፋው መሃል ይቀመጣል፣ ሌሊት አንድ ሰው ተነስቶ ይደፋዋል። ቀዳዳ መድፈኛው ካትራሜ የሚቀባው ደግሞ በደረቅ ቆርቆሮ ላይ ነው። ስለዚህ የጣሪያ ሥራ የግንቦት እንጂ የሐምሌ ሥራ አይደለም።

የቱቦ ጠረጋም እንደዚሁ ነው። በፕላስቲክ የተደፈነ ቱቦ መንገዱን ወንዝ ያደርገዋል። ቀበና ወንዝ ዳር ለሚኖሩ ቤተሰቦች ጭንቀቱ ከዚህም ይብሳል፤ በሰፈራቸው ካፊያ ብቻ ሆኖ እንጦጦ ላይ ከዘነበ ወንዙ ሳይታሰብ ይሞላል። ከአዲስ አበባ ውጭም ክረምት ሕይወት ቀጥፏል፤ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ድሬዳዋን በሌሊት የመታው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ በጎፋ ዞን መሬቱ ተንዶ ብዙዎችን ቀበረ፤ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡት ሰዎች ላይ ዳግመኛ ተናደባቸው። የሞቱት እዚያም ከ200 በላይ ናቸው።

ክረምት ደስታም አለው። ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ የመንገድ ዳር በቆሎ ጥብስ ከሩቅ ይሸታል፣ ጋቢ ለብሶ ቡና መጠጣት ከሐምሌ ምሽት በላይ የሚጥምበት ጊዜ የለም።

ችግሩ ቡናው ከተፈላ በኋላ ከሰሉ ቤት ውስጥ ሲያድር ነው። ብርድ ነውና በሩ ይዘጋል፣ የመስኮቱ ክፍተት በጨርቅ ይወተፋል፣ ያልደረቀ የልጆች ልብስም ምድጃው አጠገብ ይሰቀላል። አመድ የለበሰ ፍም የጠፋ ይመስላል፤ ጭስም የለውም። ሆኖም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ማውጣቱን አያቆምም። ጋዙ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። የነቃ ሰው ራሱን ሲያመው፣ ሲያዞረውና ሲያቅለሸልሸው ይጠረጥር ይሆናል፤ የተኛ ሰው ግን ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። በየዓመቱ በዚህ መንገድ ቤተሰብ ማጣት እጅግ ያሳዝናል፤ ምድጃውን ከመኝታ በፊት ደጅ ማውጣት የደቂቃ ሥራ ነበር። በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች አብረው ራሳቸውን ካመማቸው በርና መስኮት መክፈት፣ ሁሉንም ወደ ውጭ ማውጣት፣ ቢሻላቸው እንኳ ሌሊት ነው ሳይሉ ወደ ሕክምና መውሰድ ያስፈልጋል።