ከምደባ ወደ ፍለጋ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የሥራ ዝግጁነትና የገንዘብ አያያዝ

በኢትዮጵያ የከፍተኛ ትምህርት ታሪክ ውስጥ ተመራቂው የራሱን ሥራ ራሱ የሚፈልግ ሰው ሆኖ መታየት የጀመረው በቅርቡ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከዚያ የሚወጡት ጥቂት ወጣቶች በመስፋፋት ላይ ያሉትን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ይሞላሉ ተብለው ይጠበቁ ስለ ነበር፣ ወንበሩ ሰውን እንጂ ሰው ወንበርን የሚጠብቅበት ጊዜ አልነበረም። በደርግ ዘመን ይህ ልማድ ወደ ሥርዐት ተለውጦ ተመራቂው በማዕከል በኩል ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ይላክ ነበር፤ «ምደባ» የሚባለው ይህ አሠራር የሥራውን ዓይነት፣ ደመወዙንና ብዙ ጊዜም የሚኖርበትን ከተማ በአንድ ደብዳቤ ይወስንለት ነበር። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ምደባ ከጥቂት ሙያዎች በስተቀር እየቀረ መጣ። የጠፋው ግን ደብዳቤው ብቻ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ተማሪውን የሚያስተምርበት፣ ቤተሰብም ልጁን የሚልክበት መንፈስ ዛሬም በአብዛኛው የምደባ ዘመን መንፈስ ነው። ሥራ የማግኘትም ሆነ ገንዘብን የማስተዳደር ኃላፊነት ወደ ተማሪው ሲተላለፍ፣ ኃላፊነቱን የሚሸከምበት ዕውቀት አብሮ አልተላለፈም።

ሽግግሩን ያከበደው ደግሞ ከቁጥሩ መብዛት ጋር በአንድ ወቅት መምጣቱ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በጣት የሚቆጠሩ የነበሩት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ዛሬ ከአርባ በልጠዋል። ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮም ከመቶ ሰባ የሚሆነው ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲገባ የሚያዝዘው የሰባ ሠላሳ ፖሊሲ ሥራ ላይ ውሏል። ፖሊሲው ስንት መሐንዲስ እንደሚያስፈልግ ወሰነ እንጂ ስንት መሐንዲስ እንደሚቀጠር የመወሰን ሥልጣን አልነበረውም። ዲግሪ የያዙ ወጣቶች ድንጋይ እየጠረቡ የከተማ መንገድ በሚያነጥፉበት በኮብልስቶን ሥራ መሠማራታቸው ያን ሰሞን ያስነሣው ክርክር የዚሁ ውጤት ነበር፤ አንዱ ወገን ሥራ አይናቅም ሲል ሌላው ለዚህ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መማር ለምን አስፈለገ ይል ነበር። ሁለቱም ወገኖች ያላነሡት ጥያቄ፣ ያ ወጣት በትምህርት ዓመታቱ ውስጥ ስለ ሥራ ገበያው ከማን ምን ሰምቶ እንደ ነበር ነው።

የገንዘቡ ጉዳይ የሚጀምረው ከምርቃት በኋላ ሳይሆን በምዝገባ ሰሞን ነው። በ1995 ዓ.ም. በወጣው ሕግ መሠረት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ «የወጪ መጋራት» የሚባል ውል ይፈርማል፤ ይህም መንግሥት ለትምህርቱ ከሚያወጣው ወጪ የተወሰነውን፣ ማለትም ከማስተማሪያ ወጪው ቢያንስ 15 በመቶውን እንዲሁም የምግቡንና የመኝታውን ወጪ፣ ተማሪው ተመርቆ ገቢ ሲያገኝ እንዲመልስ የሚያስገድድ ስምምነት ነው። አመላለሱ «የተመራቂ ግብር» በሚል ስም ከወር ገቢ ላይ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ እንዲሆን ተደንግጓል። ስለዚህ አንድ የአሥራ ስምንት ወይም የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት፣ ብዙ ጊዜ በሕይወቱ የመጀመሪያው የሆነውን የብድር ውል የሚፈርመው ፎቶግራፍ ለመስጠት፣ የዶርም ቁልፍ ለመቀበልና መታወቂያ ለማውጣት በተሰለፈበት ቀን፣ ከብዙ ቅጾች መካከል እንደ አንዱ አድርጎ ነው። ውሉን አንብቦ የሚያስረዳው መምህር፣ ጠቅላላ ዕዳው በየዓመቱ ስንት እንደ ደረሰ የሚያሳውቀው መግለጫ ብርቅ ነው። የገንዘብ ትምህርት ከየት ይጀመር ለሚለው ጥያቄ ከዚህ ወረቀት የተሻለ መማሪያ መጽሐፍ አይገኝም፤ የዕዳን፣ የጊዜንና የወደፊት ገቢን ትርጉም በአንድ ገጽ አጠቃልሎ የያዘ፣ ተማሪውም ፊርማውን ያኖረበት ሰነድ ነውና።

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ቢያንስ አራት ዓመት ሆኖ አንደኛው ዓመት ለጋራ ኮርሶች ሲመደብ፣ ኢኮኖሚክስና ኢንተርፕረነርሺፕ በኮርሶቹ ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል። ኢንተርፕረነርሺፕ የተባለው ኮርስ የንግድ ሐሳብን ማመንጨትን፣ የንግድ ዕቅድ መጻፍንና ካፒታል ማፈላለግን ያስተምራል። ይህ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም፤ ነገር ግን ሚሊዮን ብር የሚጠይቅ የድርጅት ዕቅድ ጽፎ ጥሩ ውጤት ያመጣ ተማሪ ከቤት የተላከለት ብር ወሩን እንዴት እንደሚያደርሰው አስቦ ላያውቅ ይችላል። የግል ገንዘብ አያያዝ፣ ማለትም ገቢንና ወጪን ማመዛዘን፣ ለድንገተኛ ነገር ማስቀመጥ፣ የብድርን ዋጋ ማስላት፣ የትም ራሱን የቻለ ቦታ አላገኘም።

ተማሪዎች ይህን ትምህርት የሚያገኙት ከክፍል ውጪ፣ በራሳቸው ኪሳራ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ቤት ምናልባት በግቢ ቋንቋ «ነን ካፌ» የሚባለው ሥርዐት ሳይሆን አይቀርም፤ ይኸውም በተማሪዎች መመገቢያ አዳራሽ የማይበላ ተማሪ ለምግብ የተመደበለትን ገንዘብ በእጁ የሚቀበልበት አሠራር ነው። የምግብ በጀቱ ለአንድ ተማሪ በቀን 22 ብር በነበረበት ጊዜ ይህ ለሠላሳ ቀን 660 ብር ማለት ነበር፤ በቀን ወደ 100 ብር ከፍ ካለ በኋላ ደግሞ በዚሁ ስሌት 3,000 ብር ይሆናል። ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ሲገባ ብዙ ይመስላል፤ የመጀመሪያው ሳምንት በግቢ በር ላይ ባሉ ምግብ ቤቶች በጥብስና በማኪያቶ ያልፍና የወሩ መጨረሻ በሽሮና በዳቦ፣ አልፎም በዱቤ ይደመደማል። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ብልሆቹ አንድ ነገር ይማራሉ፤ ሦስትና አራት ሆነው ገንዘባቸውን ያዋጣሉ፣ ለአንዲት ምግብ ቤት የወር ሒሳብ አስቀድመው ይከፍላሉ፣ በዚያም ዋጋ ያስቀንሳሉ። በጅምላና በቅድሚያ መክፈል፣ ከሻጭ ጋር መደራደርና ወጪን ከገቢው ቀን አንሥቶ መከፋፈል በአንድ ሴሚስተር ውስጥ ያለ መምህር የተለመዱት በዚህ መንገድ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ይህን አሠራር የመመገቢያ አዳራሽን ጫና መቀነሻ አድርገው ብቻ ማየታቸው ያስቆጫል።

እቁብም በዶርም ውስጥ የራሱ ሕይወት አለው። አሥር ተማሪዎች በወር ሦስት ሦስት መቶ ብር ቢጥሉ ለአንዱ 3,000 ብር ይደርሰዋል፤ ስልክ ወይም ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው። የእቁብ ጥንካሬው ወለድ ማስገኘቱ ሳይሆን ሰውን ከራሱ መጠበቁ ነው፤ ጓደኛ እያየ የማይጣል ዕጣ ያሳፍራልና። ባንክ የሚሰጠው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ቢያደርግም፣ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ሲሄድ በባንክ የተቀመጠ ብር ወለዱን ጨምሮም የመግዛት ዐቅሙ ቀንሷል፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎችን ለመግዛት ይቆጥብ የነበረ ተማሪ ልዩነቱን በቀናት ውስጥ አይቷል። ከዚህ ተነሥቶ መቆጠብ ከንቱ ነው የሚል ወሬ በወጣቶች ዘንድ ተስፋፍቷል። ወሬው ግማሽ እውነት አለው። ለአምስት ዓመት የሚቀመጥ ብር እንደሚጎዳ የታወቀ ነው፤ ለሦስትና ለአራት ወር ሥራ ፍለጋ የሚቀመጥ ብር ግን ዋጋው የሚለካው በወለድ ሳይሆን ተመራቂው ያገኘውን የመጀመሪያ ቅጥር በችግር ተገዶ እንዳይቀበል በማስቻሉ ነው።

በተቃራኒው ብድር ከምንጊዜውም ይልቅ ቀርቧል። በስልክ ገንዘብ የሚንቀሳቀስበት ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ በ2014 ዓ.ም. ከዳሸን ባንክ ጋር በመሆን መላ የተባለውን አነስተኛ ብድር፣ እንደኪሴ የተባለውን ከሒሳብ በላይ የማውጣት አገልግሎትና ሳንዱቅ የተባለውን ቁጠባ አቅርቧል። ዋስትና የማይጠይቅ፣ በስልክ የገንዘብ እንቅስቃሴ ላይ የተመሠረተ ብድር ለነጋዴ ትልቅ ነገር ነው፤ ገቢ ለሌለው ተማሪ ግን የሚበደረው በአብዛኛው የሚቀጥለውን ወር የቤተሰብ ገንዘብ ነው። የአገልግሎት ክፍያውን በመቶኛ አስልቶ ለአጭሩ የመክፈያ ጊዜ ማካፈል የሚችል ተማሪ የብድሩን እውነተኛ ዋጋ ያውቃል፤ ስሌቱ ከዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ አያልፍም።

ወደ ሥራ ዝግጁነት ሲመጣ ችግሩ የፕሮግራም እጥረት ብቻ አይደለም። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሙያ ማጎልበቻ ማዕከል ከፍተዋል፤ ደረጃ ዶት ኮምን የመሰሉ ድርጅቶች ተመራቂዎችን በግቢያቸው ያሠለጥናሉ፣ ከቀጣሪዎች ጋርም ያገናኛሉ። የምሕንድስና ተማሪዎች በፋብሪካና በግንባታ ቦታ የሚያሳልፉት የተግባር ልምምድ፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ወደ ማኅበረሰቡ አውጥቶ የሚያስተምርበት የቆየ ሥርዐትም አለ። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎትማ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ሙሉ ዓመት በጠቅላይ ግዛት እንዲያገለግል ያስገድድ ነበር፤ ዓላማው አገርን ማገልገል ቢሆንም፣ አለቃ ያለበት ሥራ፣ የማያውቁት ሕዝብና በራስ ኪስ መተዳደር ምን እንደሚመስል ከዲግሪው በፊት ያሳየ በመሆኑ፣ አገሪቱ ካየቻቸው የሥራ ዝግጁነት መርሐ ግብሮች ሁሉ የጠለቀው እሱ ነበር ማለት ይቻላል። የዛሬዎቹ ማዕከላት ዋና ድክመት የሰዓቱ ጉዳይ ነው። ሥልጠናው የሚሰጠው በአመዛኙ በመጨረሻው ዓመት ነው፤ የሥራ ታሪክ መግለጫ የሆነውን ሲቪ እንዴት እንደሚጽፍ የሚማረው ተማሪ በሲቪው ላይ የሚጽፈው ነገር ለማጠራቀም ጊዜው አልፎበታል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ይኸው ዓመት ከመቶ 50 ማምጣትን በሚጠይቀው የመውጫ ፈተና ተይዟል፤ ፈተናው የትምህርት ጥራትን ለመቆጣጠር የቆመ ቢሆንም የተማሪውን የመጨረሻ ወራት ሁሉ ወደ ሞዴል ጥያቄዎች ስቧል።

በዚያው ዓመት፣ በዚያው ሴሚስተር፣ የምርቃት ወጪም ይመጣል። የተመራቂዎች ሳምንት የሚባለው በየቀኑ የተለየ ልብስ የሚጠይቅ ሆኗል፤ ቲሸርቱ፣ ሱፉ ወይም የሐበሻ ቀሚሱ፣ የተመራቂዎች መጽሔቱ፣ ፎቶግራፉ፣ ከሩቅ ለሚመጣ ቤተሰብ ማረፊያው ተደምሮ ብዙ ተማሪ በአራት ዓመት በአንድ ጊዜ ይዞት የማያውቀውን ገንዘብ ያስወጣል። ይህን ደስታ መንቀፍ አይገባም፤ ለብዙ ቤት ከዘር ማንዘር የመጀመሪያው ምርቃት ነውና። ይሁን እንጂ ከበዓሉ ማግስት የሚጀምረው የሥራ ፍለጋ የራሱ በጀት እንዳለው አስቀድሞ የሚነግረው የለም። አዲስ አበባ አራት ኪሎ ላይ ጋዜጣ ተከራይቶ የክፍት ሥራ ማስታወቂያ ማንበብ የብዙ ዓመት ልማድ ነበር፤ አሁን ማስታወቂያው በአብዛኛው ወደ ቴሌግራም ቢዞርም ወጪው አልቀረም፤ ኢንተርኔቱ፣ የሰነድ ኮፒው፣ ለጽሑፍ ፈተና ከክልል ከተማ ወደ አዲስ አበባ መመላለሱ፣ በዘመድ ቤት ማደሩም ጭምር ወጪ ነው። «ዜሮ ዓመት» ተብሎ የሚወጣ፣ ልምድ የማይጠይቅ ማስታወቂያ የሚጠብቅ ተመራቂ ደግሞ ይህን ሁሉ ከሺዎች ጋር ተሰልፎ ነው የሚያወጣው።

ሥራው ሲገኝም ማስታወቂያው ላይ የተጻፈው ደመወዝ እጅ ላይ ከሚደርሰው ጋር አይገጥምም። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ የደመወዝ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር አይከፈልበትም፤ ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ብር ያለው 15፣ እስከ 7,000 ያለው 20፣ እስከ 10,000 ያለው 25 በመቶ ይከፈልበታል። የሚቆረጠው ከየእርከኑ እንጂ ከጠቅላላው ደመወዝ አይደለም፤ ጭማሪ አግኝቶ ወደ ላይኛው እርከን መግባት ደመወዝ ይቀንሳል የሚለው የተለመደ ፍርሃት ስለዚህ መሠረት የለውም። 10,000 ብር የተቀጠረ ተመራቂ 300፣ 600 እና 750፣ በድምሩ 1,650 ብር ግብር ይከፍላል፤ ለጡረታ 7 በመቶ፣ ማለትም 700 ብር፣ ይቆረጥበታል፤ አሠሪው በበኩሉ 11 በመቶ ይጨምርለታል። የወጪ መጋራቱ 10 በመቶ ከጠቅላላ ደመወዙ ቢሰላ ሌላ 1,000 ብር ይቀነሳል። እጁ ላይ የሚቀረው 6,650 ብር ነው፤ የቤት ኪራይን፣ ትራንስፖርትንና ለቤተሰብ የሚላከውን ማስላት ያለበትም ከዚህ ላይ ነው። በግል ድርጅት ከተቀጠረ ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ለሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀናት ስለሚፈቅድ፣ በእነዚህ ወራት ውስጥ ለሥራው ብቁ አይደለም ከተባለ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል፤ የዓመት ኪራይ ውል መፈረም ወይም በዱቤ የቤት ዕቃ መግዛት ለዚህ ጊዜ የሚመከር አይደለም።

ከሁሉ በላይ የሚረሳው በምዝገባ ቀን የተፈረመው ውል ነው። መደበኛ ደመወዝ የሚከፍል አሠሪ ያለው ሰው ዕዳው በየወሩ ይቆረጥለታል፤ በግሉ የሚነግድ፣ በጊዜያዊ ሥራ የሚቆይ ወይም ወደ ዐረብ አገር የሚሄድ ተመራቂ ግን ማንም ሳይጠይቀው ዓመታት ያልፋሉ። ጥያቄው የሚመጣው ለሁለተኛ ዲግሪ ሊያመለክት ወይም በአሜሪካና በአውሮፓ ላለ የትምህርት ማስረጃ ገምጋሚ ተቋም ይፋዊ ትራንስክሪፕት ሊያስልክ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ሲመለስ ነው፤ የወጪ መጋራቱ መከፈሉን የሚያሳይ ማስረጃ ካላቀረበ ጉዳዩ ይቆማል፤ ያን ጊዜም በየወሩ ሊቆረጥ ይችል የነበረውን ገንዘብ በአንድ ጊዜ አምጣ ይባላል።