የመኪና ሶኬት ኃይል ሲያጣ
ከባሕር ዳር በአዴት በኩል ወደ ሞጣ በሚዘልቀው መንገድ በሚመላለሱ ሚኒባሶች ውስጥ፣ ቀድሞ ለሲጋራ መለኮሻ የተሠራው ባለ 12 ቮልት ሶኬት ዛሬ በይበልጥ የሚያገለግለው ለስልክ ቻርጀር ነው። ሶኬቱ ኃይል ሲያጣ አስቀድሞ የሚመረመረው ፊውዝ፣ ማለትም ከልክ ያለፈ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ራሱ ቀልጦ ሽቦውን ከቃጠሎ የሚያድነው ቀጭን ብረት ነው። ፊውዙ ደህና ከሆነ፣ የመኪናው ቁልፍ ተከፍቶ የቮልት መለኪያ ቴስተር ቀይ ጫፍ የሶኬቱን መሃል፣ ጥቁሩ ደግሞ የውስጥ ጎኑን ሲነካ 12 ቮልት ገደማ ሊነበብ ይገባል፤ ምንም ሳይነበብ ቀርቶ ጥቁሩ ጫፍ ቀለም ወደሌለው የመኪናው ብረት ሲዛወር ከተነበበ፣ የተቋረጠው የኔጋቲቩ መስመር ነው። አዲስ የተተካው ፊውዝም ወዲያው ከተቃጠለ፣ ሶኬቱ ውስጥ የወደቀ ሳንቲም ወይም የተላጠ ሽቦ መፈለግ ያሻል። ፊውዝን በመዳብ ሽቦ መተካት ግን መኪናውንም ተሳፋሪውንም ለእሳት የሚያጋልጥ አደገኛ ልማድ በመሆኑ፣ አሽከርካሪዎች በፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ላይ ከተጻፈው አምፒር ፈጽሞ እንዳያልፉ ይመከራሉ።